የከዘራው ምስክርነት

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ከደረጃው ግርጌ በግንባሩ ተደፍቷል። ከዘራው ከጎኑ ተጋድሟል። አስታማሚዋ እጇ በካቴና ታስሮ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ገፍትራው ነው!» አለች የሟቹ ልጅ። «ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

«ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወርጄ ነበር» አለች አስታማሚዋ።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

መርማሪዋ ከዘራውን በጓንት አነሳች። «ይህን ማን ገዛው?»

«እኔ። ኮምፒዩተር አለበት። ጫፉ እርምጃ ይቆጥራል፤ እጀታው የጨበጠውን ሰው የልብ ምት ይመዘግባል። ይቺ ሴት አባቴን ታንቀሳቅሰው እንደሆነ የምቆጣጠርበት ነው።»

«ዛሬ ስንት ተራመደ?»

ልጅቱ ስልኳን አየች። «ምንም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከምድር ቤት ክፍሉ በር ላይ ሆኖ ሳቀ። «እንጨት ምን ያውቃል? ልጄ፣ ይህችን ሴት ወስዳችሁ ገላግሉን።»

«እርስዎ ዛሬ ፎቅ አልወጡም?»

«እኔ? ልቤ እኮ ሦስት ይመታና አንድ ይዘላል። ይኸው የሐኪም ወረቀት። ደረጃ ከተከለከልኩ ስድስት ዓመቴ።»

«ከወንድምዎ ጋርስ?»

«ቤቱን ልቀቅ ካለኝ ወር ሆነው። ቢሆንም ወንድሜ ነው።»

መርማሪዋ የልጅቱን ስልክ ተቀብላ መዝገቡን አየች። ፎቅ ወጥታ፣ ከአልጋው አጠገብ ባዶውን የቀረውን የከዘራ ማቆሚያ አይታ ተመለሰች። ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ሟቹ ከዘራውን ተደግፎ ቢወርድ ኖሮ እርምጃው ይቆጠር ነበር» አለች። «አልተቆጠረም። ሰውየው ከወደቀ በኋላ፣ በራሱ የወደቀ እንዲመስል፣ አንድ ሰው ከዘራውን ከፎቅ አንጠልጥሎ አወረደው።»

«እሷ ናታ!» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ያየሽው እርምጃውን ብቻ ነው። የልብ ምቱን እይ። ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከዐሥር። ሦስት ይመታና አንድ ይዘላል። የአባትሽ የሳምንት መዝገብ ግን አንድም ዝላይ የለውም።»

ከዘራውን አስታማሚዋን አስጨበጠቻት፤ ስልኩ ላይ ምቱ ሳይዛነፍ ቀጠለ። ልጅቱን አስጨበጠቻት፤ እንደዚያው። ወደ ወንድምየው ስትዘረጋው እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«አጎቴ?» አለች ልጅቱ።

«ውጣ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «አባቴ ከሠራው ቤት! እኔን!»

ካቴናው ከአስታማሚዋ እጅ ተፈትቶ ወንድምየው እጅ ላይ ገባ። ልጅቱ ወደ አስታማሚዋ ሳትዞር፣ «ደረጃው ላይ ደም አለ፤ ሳይደርቅ ጥረጊው» አለች።

አስታማሚዋ ታስሮ የነበረውን የእጅ አንጓዋን አሻሸች። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ ልጅቱ እግር ሥር ጣለችላት።

«ያንቺ አባት ነው። ራስሽ ጥረጊው።»