የላክቴት ካርድ

በመዝገበ ቃላቱ መሥሪያ ቤት አንድ የማይሻር ደንብ ነበር። እያንዳንዱ የሙያ ቃል ለብቻው በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ትርጉሙ፣ ምንጩ፣ ከታች ደግሞ አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። የሙያው ሰው አንብቦ «ትክክል ነው» ብሎ ካልፈረመበት ግን ካርዱ ማተሚያ ቤት አይደርስም።

ይህን ደንብ ከማንም አብልጣ የምትወደው የ«ለ» ፊደል አዘጋጇ ነበረች። ባልደረቦቿ «ወይዘሪት ልክ» ይሏታል። እውነታቸውን ነው፤ ሰዓት ሲጠይቋት እንኳ ከነደቂቃው የምትመልስ ሰው ናት።

አንድ ቀን «ላክቴት» የሚለውን ካርድ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። የላቦራቶሪ ባለሙያው ረዥም፣ ሳቂታ ወጣት ነበር።

«እዚህ ደምና ሽንት እንጂ ቃል አይመረመርም እኮ» አላት።

«የእኔ ቃል ደም ውስጥ ነው ያለው አሉኝ» አለችው ኮስተር ብላ።

ካርዱን ተቀብሎ አነበበ። ምንጩ ላቲን፣ ሥሩ ወተት። በመጣበት ቋንቋ አንደኛ ትርጉሙ የእናት ጡት ወተት መስጠት። ሁለተኛው ትርጉም ባዶ ነው።

«ሁለተኛውን እኔ ልንገርሽ። መጀመሪያ ያገኙት ከኮመጠጠ ወተት ውስጥ ነው፤ የወተት ስሙም እዚያው ጸንቶ ቀረ። ኋላ ከዛለ ጡንቻም አገኙት። ሰውነት አየር ሲያጥረው ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከሁለት በታች ከሆነ ሰላም ነው፤ ከአራት ካለፈ ያስፈራል።»

«ምሳሌ ዓረፍተ ነገርስ?»

ቀና ብሎ አያት። አየችው። ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ አላነሱም።

«እሱን ለማሰብ ጊዜ ያስፈልገኛል» አለ። «ነገ ብትመጪስ?»

በነጋታው መጣች። በሳምንቱም መጣች። ወይ ወይዘሪት ልክ! ሌላው ካርድ በሁለት ቀን ሲያልቅ ላክቴት ሦስት ወር ፈጀባት። አንዷ ዓረፍተ ነገር ረዘመች ይላል፣ ሌላዋ አጠረች ትላለች። ምሳሌው ሆን ተብሎ ባዶ እንደቀረ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አይናገሩትም።

በዓለም ላይ ያሏት እናቷ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ልጁን ወደዱት። «ያ የደሙ ልጅ ዛሬ አይመጣም እንዴ?» ይላሉ እሑድ እሑድ። የቃሉን ነገር ሲሰሙማ ሳቃቸው አላባራ አለ።

«ወተት ከሆነማ ሁለት ዓመት ተኩል ያጠባሁሽ እኔ ነኝ ባለሙያዋ! እሱን ተይውና እኔን አስፈርሚ!»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናትየው የሳንባ ምች ያዛቸውና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ።

«ልጄ፣ ቀኔ ከደረሰ እጄን ያዢኝ። ብቻዬን እፈራለሁ።»

«እይዝሻለሁ እማዬ» አለች። ቃሏን ሰጠች፤ ሦስት ቀንም ከአልጋው ሥር ሳትነቃነቅ፣ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቆየች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ደም ተወሰደ። እኩለ ቀን ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«ላክቴቱ ስንት ሆነ?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አንድ ተኩል» አላት።

በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አሁን ቤትሽ ሂጂና ትንሽ ተኚ። በሞቴ!»

«ደህና ናቸው» ቢላት ንቅንቅ አትልም ነበር። እሱ ግን ቁጥር ነገራት፤ ቁጥሩን ማንበብ ደግሞ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ሄደች። ታጠበች። ተኛች።

እናቷ አስር ሰዓት ላይ አረፉ።

ስትመለስ ነርሷ እያለቀሰች ነገረቻት። «ቀኝ እጃቸውን አልጋው ላይ እያንፏቀቁ ሲፈልጉሽ ነበር። እኔ ያዝኳቸው፤ አንቺ አለመሆኔን ግን ያወቁ መሰለኝ። ጠዋት እኮ ላክቴታቸው ዘጠኝ ነበር፤ አልነገሩሽም?»

ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዘጠኝ ነበር?»

«ዘጠኝ ነበር። ቆመሽ መውደቅሽ ነበር እኮ። እስከ ማታ የሚቆዩ መስሎኝ... ሁለት ሰዓት እንኳ እንድትተኚ ብዬ ነው። ስለምወድሽ ነው።»

እወድሻለሁ ሲላት የመጀመሪያው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል በዚህ ቀን፣ በዚህ ኮሪደር መጣባት። አልፋው ወደ እናቷ ክፍል ገባች። በቀብሩም ዕለት ከሰው ኋላ ብቻውን ቆሞ ሲያለቅስ አየችውና አንጀቷን በላት፤ ግን አልተጠጋችውም።

ዓመት አለፈ። የ«ለ» ፊደል ሲጠናቀቅ አንዲት ካርድ ብቻ ቀረች። ባለሙያው እንዲፈርም ተጠራ። ከስቷል። ካርዱን ገፋ አድርጋ ሰጠችው፤ ባዶው ቦታ በእጅ ጽሑፏ ሞልቷል።

«የእናቷ ላክቴት ዘጠኝ ሆኖ ሳለ አንድ ተኩል ነው አላት።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። እስክሪብቶውን አነሳና «ትክክል ነው» ብሎ ፈረመ።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅርስ ካልኩህ ቆየሁ» አለችው፤ እውነቷን ነበር። «እወድሃለሁም። ግን ከእንግዲህ ደህና ነኝ ባልከኝ ቁጥር ኪስህን ልፈትሽ ነው። ዕድሜ ልኬን ኪስህን እየፈተሽኩ እንዴት እኖራለሁ?»

ወንበሩን በቀስታ ወደ ቦታው መልሶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ዋና አዘጋጁ ካርዱን ይዞ መጣ። «ይቺ ምሳሌ ሆድ ታባባለች፤ ቀለል ባለ ብንለውጣት ምን ይመስልሻል?»

«አይለወጥም» አለች። «ባለሙያው ፈርሞበታል።»

ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች፤ ለእናቷ ይሁን ለእሱ፣ ወይዘሪት ልክ እንኳ ለይታ መናገር አልቻለችም።