የቀጥቃጭ ልጅ ወደድኩ

ኢሳያስ መጀመሪያ የነካኝ ዓይኔን በመዳፉ ሸፍኖ ነው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ጋሽ ገነነ የሚባሉ ሰው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ በተለማማጅነት የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ብየዳ የተማርኩት ኮሌጅ ነው፤ ነገር ግን እውነት ለመናገር ከማሽኑ ይልቅ ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ማሽን ነበር የማውቀው። በሩን አልፌ ስገባ ጋሽ ገነነ ጎንበስ ብለው በር ይበይዳሉ። ሰማያዊው ብርሃን ሲንቦገቦግ በጣም ደስ አለኝ። ፈዝዤ ቀረሁ።

«አንቺ! ዓይንሽን!»

ከኋላዬ የመጣ እጅ ዓይኔን ግጥም አድርጎ ሸፈነው። ብረት ብረት የሚል ሻካራ መዳፍ!

«ምን አባክ ነው? ልቀቀኝ!» ብዬ በክርኔ ጎኑን መታሁት።

«ልትታወሪ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«ልማር ነው የመጣሁት!»

«እንግዲያው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው» አለ ጎኑን እያሻሸ። «እሳቱ በባዶ ዓይን አይታይም።»

ዞሬ አየሁት። ረጅም፣ ጠይም፣ ቱታው በብልጭታ የተበሳሳ ልጅ። ሊስቅ ፈልጎ ሳቁን ዋጥ አደረገው። እኔም ልቆጣ ፈልጌ... አቃተኝ።

ያስተማረኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አላስቆም አላስቀምጥ ይለኝ ነበር። ስናደድ ፒንሳውን እወረውራለሁ። እሱ አንስቶ መልሶ ይሰጠኛል።

«አትቸኩዪ ዕድል። ጆሮሽን ስጪው። ደህና ሲሄድልሽ ድምፁ ዘይት ውስጥ እንደገባ ዓሣ ነው።»

ስሜ ዕድላዊት ነው። «ዕድል» ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኝ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም ከጋሽ ገነነ ጋር አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። ኢሳያስ የራሱን ሰሃን ይዞ የቱቦላሬ ብረት ክምሩ ላይ ለብቻው ይቀመጣል።

«ለምን አብረኸን አትበላም?»

«እንዲህ ይመቸኛል።»

አንድ ቀን ኩርኩፋ፣ የበቆሎና የሽፈራው ምግባችንን፣ ሠርቼ መጣሁ። ጠቅልዬ ሄድኩና «በሞቴ!» ብዬ ወደ አፉ አስጠጋሁ። ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አይሆንም። ተዪኝ ዕድል!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እጄ አየር ላይ ቀረ። ከላሜራው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ‘ንቆኛል’ አልኩ በልቤ። ‘ሴት ልጅ ቱታ ለብሳ ጥላሸት ለብሳ ሲያይ ተጸይፎኛል’ አልኩ። ከዚያ በኋላ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገርኩትም። ግን ዞር ስል ሁልጊዜ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሲነቅል እይዘው ነበር።

እንዲህ ተኮራርፈን ሳለን አንድ ከሰዓት በኋላ የጋለ ፍንጣሪ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ጮህኩ። ኢሳያስ ማስኩን ወርውሮ ሮጠ። ተንበርክኮ ጫማዬን አወለቀና ውኃ አፈሰሰልኝ።

«ያማል?»

«ይሄ አያምም» አልኩት እያለቀስኩ። «ያኛው ነው ያመመኝ። እጄን የምትጸየፈው ምን አድርጌህ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ? አንቺን?» አለ። «ዕድል... አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። አባቴም ቀጥቃጭ ነበር። ማጭድ፣ ዶማ፣ ማረሻ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። አገራችን ላይ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ምን እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ደጋው ላይ አንዳንድ ሰዎች አብረዋቸው አይበሉም። አይጋቡም። በልጅነቴ ሰምቼ ዝም ያልኩት ነገር ነው።

«ልጅ ሆኜ ጓደኛዬ ቤት ውኃ ጠጣሁ» አለ። «ከግቢው ሳልወጣ ብርጭቆው ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት፣ ሰው ሰሃን ላይ እጄን አልዘረጋም። ከእኔ ጋር ስትበዪ ታይተሽ ቤተሰብሽ ቢሰማስ? እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺን ግን እንዲያሙሽ አልፈልግም።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አልኩት። «ቀኑን ሙሉ ብረት አይደል የምቀጠቅጠው?»

«አንቺ ሥራሽ ነው። እኔ ዘሬ ነው።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ትሪውን ትቼ ቱቦላሬው ላይ ከጎኑ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሳላስፈቅድ ከሰሃኑ ቆረስኩ። ጋሽ ገነነ ከወዲያ ሆነው «ቦታ ልቀቁልን እንጂ!» ብለው ትሪውን ተሸክመው መጡ። የሳቅነው ሳቅ አይረሳኝም። ኢሳያስ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ነበር የሚበላው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

አንድ እሑድ ከቸርች በኋላ ከኢሳያስ ጋር ጫሞ ሐይቅ ዳር ወረድን። ጀልባዎቹ ዓሣ አራግፈው ነበር። ለብለብ ዓሣ አዘን በሚያቃጥል ዳጣ በላን። ሐይቁን እያየ ድንገት፦

«ዕድል፣ እወድሻለሁ» አለኝ። «ግን እፈራለሁ።»

«እኔን?»

«ቤትሽን።»

«አባቴን አታውቀውም» አልኩት ኮራ ብዬ። «የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው።»

ደግሞም አምኜ ነበር።

በጋው ሳያልቅ ጋሽ ገነነ ትልቅ ሥራ ያዙ። የትውልድ አገሬ ካምባ፣ እኔ ያደግኩበት ቤተ ክርስቲያን፣ ጣሪያው በብረት እንዲሠራ ተወሰነ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። ኢሳያስ «ሌላ ሰው ይሂድ» አለ። ለመንኩት። ለመንኩት። በመጨረሻ ብረቱን አይሱዙ ላይ ጭነን አብረን ሄድን።

አባቴ ደበሌ ቀኑን ሙሉ ከሥር ቆሞ ያየን ነበር። ሴት ልጁ ከላይ ሆና እሳት ስታዘንብ ሲያይ ለሚያልፈው ሁሉ «የእኔ ናት! የእኔ!» ይላል። ኢሳያስንም ወደደው። ምሳ ቤታችን ሲጋብዘን አጠገቡ አስቀመጠው።

«ጎበዝ ልጅ ነህ። እጅህ ይባረክ! የማን ልጅ ነህ?»

የኢሳያስ እጅ ቆመ። በዓይኔ ለመንኩት። ሌላ ስም ቢጠራ ማንም አያውቅበትም ነበር። እሱ ግን የአባቱን ስም ተናገረ። ሰፈሩን ተናገረ። ጨምሮም፦

«ቀጥቃጭ ነበር አባባ። ምናልባት ማጭዱን ያውቁት ይሆናል» አለ።

አባቴ እጁን ከማዕዱ ላይ አነሣ። ወደ እናቴ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ለእሱ ለብቻ አቅርቢለት» አላት።

ኢሳያስ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«አይቸገሩ አባባ። ጠግቤያለሁ» ብሎ ወጣ። ገና አልቀመሰም ነበር።

«አባዬ!» አልኩ። «እንግዲያው ለእኔም ለብቻዬ ይቅረብልኝ! እኔም ብረት ነው የምሠራው!»

«ያንቺ ሥራ ነው። የእሱ ዘር ነው።»

ኢሳያስ ራሱ የነገረኝ ቃል! ደሜ ፈላ።

«እወደዋለሁ አባዬ። ላገባው ነው።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

እያለቀስኩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ። ኢሳያስ መሰላሉ ላይ ነበር።

«ውረድ!» ብዬ ጮህኩ። «ተወው! እንሂድ!»

«ጣሪያው ምን አደረገ?» አለኝ። «ዝናብ እየመጣ ነው።»

የመጨረሻዋን መገጣጠሚያ ሳይበይድ አልወረደም።

ተመልሰን አርባ ምንጭ ስንገባ ነው የተናገረው።

«እዚህ ላይ ይብቃን ዕድል። በእኔ ምክንያት አባት አጥተሽ ስትኖሪ ማየት አልችልም።»

«እኔ ምርጫዬን ነግሬዋለሁ!»

«አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው የምሄደው።»

ጂንካ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ስደውል አያነሣም። እኔም ልምምዱን ጨርሼ፣ የሙያ ምዘናውን አልፌ፣ እዚያው ወርክሾፕ ተቀጠርኩ። ቀን ቀን ደህና ነበርኩ። ማስክ ደግ ነገር ነው፤ ከውስጡ ሲለቀስ ማንም አያይም።

ከአባቴ ጋርም ተኮራረፍን። እናቴ ብቻ ትደውልልኝ ነበር። ክረምቱ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ደወለች።

«ዕድሌ፣ ምን ዓይነት ነፋስ መጣ መሰለሽ! የስንቱን ቆርቆሮ ገፎ ወሰደ። ሰው ሁሉ ሕፃን አዝሎ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ጣሪያው ንቅንቅ አላለም!»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሰው ተሰብስቦ አባትሽን ሲያመሰግን... ‘ልጅህ ትባረክ፣ ያ የሠራው ልጅ ይባረክ’ ሲሉት... አልቅሶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ሲቀርብ አይጸልይም። ‘አንቺ ጸልዪ፣ እኔን አፌ አልታዘዝ አለኝ’ ይለኛል።»

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሳይነግረኝ መጣ። ወርክሾፑ በር ላይ የክት ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ማስኬን አውልቄ ሄድኩ። ሰላም አላለኝም፤ ፊቴን ብቻ አየና፦

«ከስተሻል» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«ያ ልጅ የታለ?»

«ጂንካ ነው።»

«እናቱስ?»

«እዚሁ፣ ሲቀላ ዳር ናቸው።»

«ውሰጂኝ።»

የኢሳያስ እናት እማማ በለጥሽ ደጃቸው ላይ የሽፈራው ቅጠል ይቀነጥሱ ነበር። አባቴ ማን እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ገብተው አግዳሚ ወንበር ይዘው ወጡና ውጭ ዛፍ ሥር አስቀመጡ።

«እዚህ ይሻልዎታል። ነፋሻ ነው።»

አባቴ አልተቀመጠም።

«እህቴ በለጥሽ» አለ፤ «ከካምባ ድረስ የመጣሁት ውጭ ለመቀመጥ አይደለም። ከፈቀዱልኝ ቤት ያስገቡኝ።»

እማማ በለጥሽ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እንደ እርስዎ ያለ ሰው ይህን በር አልፎ አያውቅም።»

«ነውሩ የእኛ ነው።»

ከፊቱ ዞር አሉለት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ገባ። ገብቶም ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ልጅዎን ከማዕዴ ላይ ከነረሃቡ አስነሥቼዋለሁ። እሱ ግን ጣሪያዬን ጨርሶልኝ ሄደ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«የተነሣው እሱ ነው» አሉ እማማ በለጥሽ። ድምፃቸው ለስላሳ አልነበረም። «ይቅር የሚልዎትም እሱ ነው። እኔ በልጄ ፈንታ አልናገርም።» ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «የእኔን ያነሣል። ደውዪለት።»

ደወልኩ። «አቤት እማዬ!» ሲል ሰማሁት። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት።

«ልጄ... ደበሌ ነኝ። የዕድላዊት አባት።»

አባቴ እንደቆመ ቀጠለ።

«በድዬሃለሁ። ሽማግሌም ሆኜ፣ መጽሐፍ ይዤም በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

አባቴ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«ሽማግሌ ላክብኝ ልጄ። የምትልከው ካጣህ... እኔው ራሴ ሽማግሌ እሆንልሃለሁ!»

እማማ በለጥሽ ሳያስቡት ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ዞረ። ኢሳያስ ከወዲያ ምን እንዳለ አልሰማሁም። አባቴ ብቻ «እሺ... እሺ ልጄ... እግዚአብሔር ይስጥህ» እያለ እንባውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

ኢሳያስ በማግስቱ መጣ። መስኮት ፍሬም እየበየድኩ ስለነበር አላየሁትም። ስጨርስ ማስኩን ብገልጥ ከፊቴ ቆሟል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እሳቱ እስኪጠፋ እየጠበቀ።

«ጨረስሽ?» አለ።

«ጨረስኩ።»

ዞሮ ጎንበስ ብሎ ብየዳውን አየው።

«እጅሽ በጣም ተስተካክሏል።»

«አስተማሪዬ ጥሎኝ ሄዶ ብቻዬን ነው የተማርኩት።»

«ዕድል... ይቅርታ።»

«ሁለተኛ ለእኔ ብለህ ከእኔ አትሂድ» አልኩት። «ከባዱን አብረን እንሸከመው።»

«አብረን» አለ። ጥላሸት በለበሰው ቱታዬ እንዳለሁ አቀፈኝ። ጋሽ ገነነ «ሥራ አለ!» ብለው ጮኹ፤ ራሳቸው ግን ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ሠርጋችን እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ነበር። ሁሉም ዘመድ መጣ ብዬ አልዋሻችሁም። የአባቴ ታላቅ ወንድም አልመጣም። ሁለት አክስቶቼም ቀሩ፤ እስከ ዛሬም ቤታችን አልረገጡም። ወንበራቸው ባዶውን ሲታይ እናቴ ከነጎረቤቶቿ ሄዳ ሞላችው።

ፓስተሩ «አሁን የሙሽራይቱ አባት ይጸልዩልናል» ሲሉ አባቴ ተነሣና ማይኩን ተቀበለ። ከዚያ ግን ወደ እማማ በለጥሽ ሄደ። በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«እህቴ፣ ልጆቻችንን እርስዎ ይባርኩልን።»

እማማ በለጥሽ ደነገጡ። ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ማይኩን መልሰው ለአባቴ አስያዙትና ወደ እኛ መጡ። ኢሳያስና እኔ ተንበረከክን። አንድ እጃቸውን በእኔ፣ አንዱን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው በጋሞኛ ጸለዩ። ፍቅር ስጣቸው አሉ። ልጅ ስጣቸው አሉ። ቤታቸው ለመጣው ሁሉ ክፍት ይሁን፤ ማንም ከደጃቸው አይመለስ አሉ።

አባቴ ማይኩን አፋቸው ድረስ አስጠግቶ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሲጨርሱ ከሁሉም ሰው ቀድሞ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «አሜን!» አለ።