ከኮምፔንሳቶው ወዲያ

ሹክ ማለት አልችልበትም። ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ ነው። እናቴ «ቀስ በይ ልጄ፣ ጎረቤት ይሰማል» እያለች አሳደገችኝ፤ ጎረቤቱም እየሰማ አብሮ አሳደገኝ። ሠላሳ ዓመት ስጠጋ ደግሞ «በዚህ ድምፅ ማን ደፍሮ ያገባሻል?» የሚል ተጨመረበት። በአፌ ስቄ አልፈዋለሁ፤ ከሆዴ ግን አይወጣም ነበር።

የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «ማይክራፎን» ይሉኛል፣ የማልሰማ መስሏቸው። ክፍሌን ከስድስተኛ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። ዘንድሮ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አዲስ የሳይንስ መምህር መጣ። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ሲናገር ጆሮ የሚያስቀስር ሰው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት እኔ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ብዬ ስጠይቅ፣ ክፍሌ በአንድ አፍ «ሃምሳ ስድስት» ሲል፣ እሱ ወዲያ ሰሌዳው ላይ «የሸረሪት እግሮች ብዛት 56» ብሎ ጻፈላችሁ። የልጆቹ ሳቅ ኮምፔንሳቶውን አነቃነቀው።

በእረፍት ሰዓት ጠመኔ እንደቦነነበት መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«መምህርት፣ ሸረሪቷን ጉድ አደረጓት እኮ» አለኝ።

«የሳይንስ አስተማሪ ሆነው እግሯን ካላወቁ እኔ ምን ላድርግ?»

«አውቅ ነበር። ግን ከእርስዎ ድምፅ ጋር ማን ይከራከራል?»

ፈገግታውን በሻይ ብርጭቆው ሸሸገው። እኔም አልጠላሁትም።

ከዚያ ወዲህ ኮምፔንሳቶውን ሁለቴ ካንኳኳ «ቀስ» ማለቱ ነው። ሦስቴ ካንኳኳ ደግሞ «ሻይ ደርሷል»። ሁለቴው እየቀነሰ ሦስቴው እየበዛ ሄደ። «እርስዎ» መቼ ቀርቶ «አንቺ» መቼ እንደገባ እንኳ አላስተዋልኩም።

አንድ ቀን ጉንፋን ድምፁን ጨርሶ ዘጋው። «እኔ ላስተምርልህ» አልኩትና ከራሴ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለሁለቱም ክፍል ባንድ ጊዜ ስለ ልብ አስተማርኩ። «ልብ አራት ክፍል አላት» ስል ከወዲያ የእሱ ሳል ተሰማ። እንደተሳሳትኩ ገምቼ ዝም አልኩ። ሦስቴ አንኳኳ። ሻይ ሰዓት ገና ነበር፤ «ቀጥይ» ማለቱ ነው።

ያን ቀን ወደድኩት። ነገሩን ማስረዘም አያስፈልግም፤ ወደድኩት።

ታዲያ አንድ አርብ ጠዋት ግቢ ስገባ የጭነት መኪና ብሎኬት ያራግፋል። ዳይሬክተራችን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመለከታሉ።

«ጋሼ፣ ምን ሊሠራ ነው?»

«ላንቺና ለጎረቤትሽ ግድግዳ ነዋ። ነገ ግንበኛ ይመጣል። ያ የሳይንሱ ልጅ ‹የጎረቤቴ ድምፅ አላስተምር አለኝ› ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይኸው፣ ዘገየ እንጂ አልቀረም።»

ለካ እናቴ እውነቷን ነው አልኩ። ሻይ እየጋበዘ፣ እየሳቀልኝ፣ ድምፄን ግን የሚከልለው ግድግዳ ይጠብቅ ኖሯል።

ክፍል ገብቼ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ አስተማርኩ። የኋላ ወንበሮቹ ተያዩ።

«ቲቸር፣ አሞሽ ነው እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

ሦስቴ ተንኳኳ። አልመለስኩም። ደግሞ ሦስቴ። ከዚያ የክፍሌ በር ተከፈተና ራሱ ብቅ አለ። ወደ ደጅ ወጣሁ።

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ የት ሄደ?»

«ነገ ግድግዳ ልታስገነባበት አይደል? ቀድሜ ልልመደው ብዬ ነው።»

ዓይኑ ወደ ብሎኬቱ ሄደ፤ ፊቱ ልውጥ አለ።

«እሱን የጠየቅኩት በሸረሪቷ ቀን ነው» አለ። «እውነቴን ነው፣ ፈጽሞ ረስቼዋለሁ።»

«እሺ፣ ዛሬስ?»

እጁ ላይ የቀረውን ጠመኔ ኪሱ ከተተ። የሁለቱ ክፍል ልጆችም ትንፋሻቸውን እንደዋጡ ይታወቀኛል።

«ዛሬ ጠዋት ክፍሌ ጸጥ ሲል አንድ ነገር ማስተማር አቃተኝ» አለ በመጨረሻ። «አንቺን ካልሰማሁ ቀኑ አይጀምርልኝም።»

ይህን ብሎ ወደ ግቢው ዞረ። ያ ዝግተኛ ሰው፣ ዳይሬክተሩ ግቢውን ሲያቋርጡ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«ጋሼ! ግድግዳው ይቅር። ድምፅዋን እፈልገዋለሁ።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ብሎኬቱንስ ምን ላድርገው?» አሉ።

«ቤት ይሥሩበት» አለ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አንድ የስድስተኛ ክፍል ድምፅ።

ቤት እንኳ አልተሠራበትም። ዛፉ ሥር ረጅም መቀመጫ ሆነ፤ ሻያችንን እዚያ ነው የምንጠጣው።

የተጋባን ቀን አጋቢው ባለሥልጣን «ፈቃደኛ ነሽ ወይ?» ሲሉኝ እናቴ ከፊት ወንበር ላይ ሆና በዓይኗ «ቀስ» አለችኝ። እሺ ብዬ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ በለሆሳስ «አዎ» አልኩ።

እሱ ጆሮውን አስጠጋ። «አልሰማሁም» አለኝ።

እንግዲህ እንዲያ ከሆነ ብዬ በራሴ ድምፅ መለስኩለት። ደጅ መኪናውን የሚጠብቀው ሾፌር ሳይቀር አጨበጨበ።

ደንግጬ ወደ እናቴ ዞርኩ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

«ይስማ ልጄ» አለችኝ። «ጎረቤትም ይስማ።»