ኔጋቲቭ ሁለት

«ኔጋቲቭ ሁለት ነው ያልሽኝ አይደል?» አለች ኢንሳፍ፣ ወረቀቷን እያየች።

«አዎ፣ ኮምፒውተሩ እንደዚያ ነው ያለው» አለቻት ሂንድ።

ኮምፒውተሩስ ብሎ ነበር። ግን ግማሽ እውነት ከውሸት ይብሳል። ለትምህርት ቤቱ ከጦርነቱ የተረፈችው አንዲት ደህና ኮምፒውተር ብቻ ናት፤ ትናንት ተራው የሂንድ ነበር። ዛሬ የሚሰበሰበው የመምረጫ ጥያቄ የአንድ ሲካፈል ለኤክስ ስኩዌር ኢንቲግራል፣ ማለትም ከግራፉ ሥር ያለው ስፋት ነው፣ ከኔጋቲቭ አንድ እስከ አንድ። መጀመሪያ ኢንቲግራሉን ብቻ በሒሳብ ፕሮግራሙ አሠርታ ጫፎቹን ተካች፤ ኔጋቲቭ ሁለት መጣ። ጥያቄውን እንዳለ ስትሰጠው ግን ፕሮግራሙ «ኢንፊኒቲ» አለ። ግራፉንም አየችው፤ ዜሮ አጠገብ ሽቅብ ይወጣል፣ ማለቂያ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ስፋቱ እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል!

ለራሷ ኢንፊኒቲ ጻፈች። ለጓደኛዋ ኔጋቲቭ ሁለትን ሰጠች። ደሴ ላይ ለሚሰጠው ነጻ የትምህርት ዕድል የሚመረጠው አንድ ተማሪ ነዋ!

«ከተመረጥኩ አባቴ እንድማር ይተወኛል» አለች ኢንሳፍ በሹክሹክታ። «ካልሆነ አክስቴ ፓስፖርቱን ጨርሳለች፣ ሳውዲ ነው የምሄደው። ራህመት እህቴ ሄዳ ሬሳዋ እንኳ አልመጣልንም። ፈራሁ፣ ሂንድ።»

ሂንድ ይህን አታውቅም ነበር። ትናንት ብትነግራት ኖሮስ ማታለሉን ትተወው ነበር? በእሱም እርግጠኛ አልነበረችም፤ ይኸው ነው ያሳፈራት።

መምህር ገብረ ክርስቶስ ከፊት ወንበር ጀምረው ወረቀት መሰብሰብ ያዙ።

«ኢንሳፍ፣ ሰርዢው።»

«ምኑን?»

«መልሱ ኢንፊኒቲ ነው። ዜሮ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ላይ ለሁለት ከፍለሽ ሥሪው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት።»

ኢንሳፍ ወረቀቷን ከሂንድ አራቀች። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ከዚያ ሰረዘችና እንደ አዲስ ጀመረች።

መምህሩ አጠገባቸው ደረሱ። «በቃ፣ ሰዓት አልቋል። አምጪ።»

ገና ግማሹን አልሠራችም። ሂንድ ብድግ አለች።

«መምህር፣ እሷን ይጠብቋት። ሆን ብዬ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

መምህሩ የኢንሳፍን ወረቀት ዘለው የሂንድን ወረቀት ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ሂንድ «የኔ ይቅር» ብላ ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ኢንሳፍ ቀና አላለችም። ጀርባዋን ሰጥታት መጻፏን ቀጠለች።