ሞተሩ ሲጠፋ

የዚያን ዓመት ዝናብ ቶሎ ገባ፤ መውጣቱን ግን ረሳ። ወንዙ ድልድዩን ወሰደ። ግንድ የሚያመጡት መኪኖች ቀሩ። የእንጨት መሰንጠቂያው ግቢ ጭቃ ሆነ፤ ከሠራተኛው ግማሹ ተቀነሰ፣ የቀረውም በግማሽ ደመወዝ ቀረ። በመጨረሻ የረጠበው የግንድ ክምር ተናደ።

ከክምሩ ሥር የቆመው ካቦው ነበር፤ የሠራተኛው አለቃ። መጋዝ ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት ዘሎ ገፈተረው። ካቦው ጭቃ ላይ ወድቆ ተረፈ። ግንዱ የወጣቱን ራስ መታው።

ወጣቱ አልሞተም። ከሐኪም ቤት ሲወጣ እጁም እጅ፣ እግሩም እግር ነበር። የተበተነው ንግግሩ ነው። የሚለውን ያውቃል፤ ቃላቱም አሉት፤ ግን ከአፉ ሲወጡ የኋላው ይቀድማል፣ የፊተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። የሥራ ቤት ቀልደኛ ርኅራኄ አያውቅምና፣ ቃሉ እንደ መጋዝ ብናኝ ይበተናል ብለው «ሰጋቱራ» አሉት። ስሙም በዚያው ጸና።

ካቦው በአንደበቱ የታወቀ ሰው ነው። ያን ሰሞን ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ወጣቱ ውለታ ንግግር አደረገ። መግቢያው አማረ፤ መደምደሚያው አስለቀሰ። ሰጋቱራ ግን ዐይኑን የካቦው እጆች ላይ ተክሎ የሆነ ነገር ጠበቀ። የጠበቀው አልመጣም።

ምን እንደ ጠበቀ የገባት የካቦው ልጅ ብቻ ናት። ቀኑን ሙሉ የመጋዝ ጥርስ የምትስል እሷ ናት፤ ምላሷም እንደ ሥራዋ ስለሆነ «ሞረድ» ይሏታል።

መሰንጠቂያው ሲሠራ ጆሮ የለም። ስለዚህ ሰው በእጁ ይነጋገራል። የተዘረጋ መዳፍ አቁም ነው፤ የሚሽከረከር ጣት ቀጥል ነው። አንዱ ሌላውን ከአደጋ ካተረፈው፣ የተረፈው እጁን ከግንባሩ ወደ ደረቱ ያወርዳል። ይህን ያላደረገ ሰው፣ ዓመትም ቢቆይ፣ ዕዳ አለበት ይባላል። ካቦው ያን ሁሉ ንግግር ደርድሮ ይህቺን አላደረገም።

ሞተሩ ሲሠራ ሰጋቱራ ከማንም አያንስም ነበር። ከግቢው ማዶ ቆሞ የጣውላ ነጋዴውን አረማመድ፣ የካቦውን ጉሮሮ መጥረግ በእጁ ሲያሳያት ሞረድ ከሳቋ የተነሳ ሥራዋን ታቆማለች። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ይዘጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሞተሩ ሲጠፋ ሄዳ ሳንቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ደግሞ ዝም አልክ?»

«ይስቃሉ» አለ። ቀና ብሎ አያት። «ሞተር… ሲጠፋም… አንቺ። እዚህ።»

ቃላቱን አንስታ ልትደረድርለት ትችል ነበር። አልነካቻቸውም።

«እሺ» አለችው። «ሲጠፋም።»

ሰጋቱራን ልታገባ እንደ ቆረጠች ለአባቷ ስትነግረው ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰው ጠፋ? የጣውላ ነጋዴው ልጅ ደጃችንን እየጠናልሽ?»

«የእሱ ንግግርማ ያምራል፣ አባዬ። ሲሄድ ግን ምን አለ ብለህ ብትጠይቀኝ የማስታውሰው የለም።»

«ልጄ፣ የተበተነ ቃል የግንድ ክምር ነው። ቤት የሚሆነው ሲሰነጠቅና ሲገጠም ነው።»

«እንጨት ሳይሰነጠቅም ያሞቃል።»

ከጓዳ የእናቷ ሳቅ አመለጠ።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል?»

«እኔ ምን አልኩ? ምላሷን ከማን እንደ ወረሰች እያሰብኩ ነው።»

ካቦው ተነሣ። «ይምጣ። ፊቴ ተቀምጦ አንዲት የተስተካከለች ዓረፍተ ነገር ይናገር። ከቻለ ውሰዳት እለዋለሁ። ካልቻለ ይህ ወሬ እዚህ ቤት ዳግም አይነሣም።»

ሞረድ ዓረፍተ ነገሩን ራሷ ሠራችው። እንደ መጋዝ ጥርስ ቃል በቃል ሳለችው። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በሳንቃዎቹ መሀል አስጠናችው።

እሑድ ከሰዓት ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይስት፣

«አባቴ፣ ልጅዎን በክብር ላገባ ፈቃድዎን እለምናለሁ» አለ።

የካቦው ፊት ፈካ። «እንዲህ ነው እንጂ። ውሰዳት።»

እናቷ እንባዋን ጠረገች። ሞረድ ግን ሰጋቱራን አየችው። ዐይኑ ውስጥ ሰው አልነበረም። አንዱን ጣውላ ከሌላው ጋር ገጥሞ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ግን አልገባም።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ?»

«የተናገረው የእኔን ነው። እኔ ነኝ ያስጠናሁት።»

«ፈቅጃለሁ እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

«የፈቀድከው ለዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ለእሱ አይደለም። እኔ የሰው አፍ አላገባም።» ወደ ሰጋቱራ ዞረች። «የራስህን ንገረው።»

ሰጋቱራ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣበቀ።

«ራሴ… ያመኛል። ጠዋት። እሷ… ስትስቅ… አያመኝም። ቤት… ትንሽ። ጣሪያ፣ እኔ… አያፈስም። ሩቅ አይደለም። ከእርስዎ… ሩቅ አይደለም።»

ካቦው ወለሉን አየ። «አልገባኝም» አለ። ድምፁ ግን የወትሮው አልነበረም።

«ገብቶሃል፣ አባዬ። የፈራኸውም ስለ ገባህ ነው።» ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። «እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። ፈቃድህ ሲመጣ መሰንጠቂያው ጋ ታገኘኛለህ። ባይመጣም እዚያው ነኝ።»

ሰጋቱራን እጁን ይዛ በዋናው በር ወጣች። ያን ሌሊት አክስቷ ዘንድ አደረች።

በነጋታው ሞተሩ እየሠራ ሳለ ካቦው ወደ ግቢው ገባ። ሠራተኛው ሁሉ ቀና አለ። ሞተረኛው፣ ካቦው ሊናገር ነው ብሎ ወደ ማጥፊያው እጁን ሰደደ። ካቦው ጣቱን አሽከረከረ። ቀጥል።

ሄዶ ከሰጋቱራ ፊት ቆመ። ሴት ልጁን ጠቆመ፤ ከዚያ ሰጋቱራን ጠቆመ። ፈቃድ ነው። በዚህ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን አልሄደም። ከልማዱ የተነሳ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው።

ቆቡን አወለቀ። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ አወረደ። እዚያም ቆየ።

ሰጋቱራ መዳፉን በሱሪው ጠረገና ያንን እጅ ከደረቱ ላይ አንስቶ ጨበጠው።