የሙርዶ ጊሊስ ኮፍያ

ሙርዶ ጊሊስ በገዛ ሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር ተጨፍልቆ ሲገኝ ኮፍያው ራሱ ላይ ነበር። መርማሪ ሬበርን ፐርዝ ባቡር ዴፖ ሲደርስ የዴፖው አስተዳዳሪ ክራይተን ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው።

«ግድየለሽ ነበር» አለ ክራይተን፣ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ሌላው ላይ ነጭ ጓንት አጥልቆ። «ፍሬን ሳይዝ ከሥሯ ገባ፤ ተንከባለለችበት። ጥፋቱ የራሱ ነው በልና ፈርም። ሚስቱም የድርጅታችንን ቤት ትልቀቅ።»

ሬበርን እንዲህ ያለውን ሰው አይቶ ጠግቧል። ሙርዶን የጨፈለቀችው ዱንቫራ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ከሚጎትቱት አምስት እህትማማች ሎኮሞቲቮች ትልቋ ነበረች፤ ክራይተን ግን ከሰማያዊ ቀለሟ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ንቀቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«ዱንቫራን ትመኛት ነበር አሉ» አለው ነጂውን ሎክሃርትን።

«አልዋሽም፣ ተመኝቻታለሁ። ሙርዶንም አልወደውም። ግን ኮፍያ ያለበትን እጀታ አልነካም።»

«የምን ኮፍያ?»

ከሰል ጨማሪው ዋቲ መለሰ፦ «ነጂ ዘይት ሊቀባ ከሥር ሲገባ ኮፍያውን የእንፋሎቱ መክፈቻ እጀታ ላይ ይሰቅላል፤ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ቁርስ ሄጄ ነበር። ስመለስ አስተዳዳሪውን ከዱንቫራ ጋር ሊያነሳ የመጣው ፎቶ አንሺ ደጅ ቆሟል፣ ሙርዶ ሞቷል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አሁን ሟቹን ጥፋተኛ ሊያደርጉት ነው።»

ሬበርን አስከሬኑ ላይ አጎነበሰ። የሙርዶ ፀጉር ከላይ በተንጠባጠበ ዘይት ርሷል፤ የኮፍያው ጀርባ ግን አንድ ጠብታ አልነካውም።

ሁሉንም፣ ሚስትየዋን ኤልስፔትንም፣ ዱንቫራ አጠገብ ሰበሰበ።

«ዘይቱ ሲንጠባጠብበት ኮፍያ አላደረገም፤ እጀታው ላይ ሰቅሎት ነበር። አንድ ሰው ኮፍያውን አንስቶ ዱንቫራን አንቀሳቀሰ፤ ጩኸቱን ሲሰማ ወርዶ፣ ማንሳቱ እንዳይታወቅ፣ ለሟቹ ኮፍያውን አደረገለት። ነጂም ከሰል ጨማሪም ይህን ስህተት አይሠሩም። ከሥር የገባ ሰው ባዶ ራሱን መሆኑን እዚህ የማያውቀው አንድ ሰው ነው። የዱንቫራ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ጥላ ውስጥ ነበር፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። ክቡር አስተዳዳሪ፣ ቀኝ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

ጓንቱ በጥላሸት ጠቁሮ ወጣ።

«ሁለት እርምጃ ነው ያንቀሳቀስኳት» አለ ክራይተን። «ኮፍያው ቆሻሻ ጨርቅ መሰለኝ። ማን ነገረኝ?»

ሬበርን አንቱታውን ጣለ። «ዘጠኝ ዓመት አዘዝካቸው። አንድ ቀን ብትጠይቅ ይነግሩህ ነበር።»

ቤቱ ለኤልስፔት ጸና። እሷ ግን በዚያች ሰዓት ስለ ቤት አላነሳችም፤ ኮፍያውን ይዛ ዱንቫራ ላይ ወጣችና እጀታው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ከሰዓት በኋላ ሎክሃርት የተመኛትን ዱንቫራን እንዲነዳ ታዘዘ። ወጣ፣ አየ፣ ወረደ።

«ሌላ ስጡኝ» አለ። «ይቺ ሰው አለባት።»