ከፎቶው ያጠፋሁት አሥራ አንደኛው ሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ የነካሁትን ነው።

የጀመረው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው።

ጨለማ የለም፣ መቃብር የለም፣ የሚያላዝን ውሻ የለም። ፀሐይ ወጥታለች። ቦታው ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው መናፈሻ ነው።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሰርግ አላነሳም፣ ልደት አላነሳም፤ "አገጬን ቀንሽልኝ" ከሚል ሰው ጋር መነታረክ አልወድም። የማነሳው መናፈሻ ነው። ዛፍ፣ ሳር፣ አግዳሚ ወንበር፣ በቅጠል መሃል ሾልኮ የሚገባ ብርሃን። በትልቁ አሳትሜ ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤት፣ ለቢሮ ግድግዳ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ መስኮታቸውን ሲከፍቱ የጎረቤት ግድግዳ የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

ሁሉም የሚሉኝ ግን አንድ ነው። ሰው አይኑርበት።

አንዷማ እንዲያውም፣ የማላውቀው ሰው ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ስበላ ሊያየኝ ነው ወይ ብላኛለች። እውነቷን ነው።

መናፈሻ ደግሞ ያለ ሰው አይገኝም። ስለዚህ አጠፋቸዋለሁ።

ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ከሰውየው አጠገብ ያለውን ሳር ትቀዳላችሁ፣ ሰውየው ላይ ትለጥፋላችሁ። ሯጩ ሳር ይሆናል። ጋዜጣ የሚያነበው ሽማግሌ ባዶ ወንበር ይሆናል። በሥራው ያለን ሰዎች "ማጽዳት" ነው የምንለው።

አባዬ ግን ማጽዳት አይለውም። ምሳ ላይ፣ "ሚጡ፣ ዛሬ ስንት ሰው አጠፋሽ?" ይለኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ለእሱ ግን እስካሁን ሚጡ ነኝ። አራት ብቻ እለዋለሁ። እግዜር ይይልሽ ብሎ ይስቃል።

ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። አባዬ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ ኖሮ፣ ጀርባው እምቢ ሲለው ነው የተወው። እሱ ባይኖር በዚህች ምድር ላይ "በላሽ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው የለኝም።

የማክሰኞው ፎቶ የታዘዘው ለአንዲት ጥርስ ሐኪም ነበር። ለመጠበቂያ ክፍሏ ሁለት ሜትር የሚሆን ትልቅ ፎቶ ፈልጋለች፤ ሕመምተኞቹ የመሰርሰሪያውን ድምፅ እየሰሙ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት።

አሥራ አንድ ሰው ነበረበት።

አሥሩን በግማሽ ሰዓት ጨረስኩ። አሥራ አንደኛው ሩቅ ነው። ከትልቁ ዛፍ ሥር የቆመ፣ ጥፍር የማያክል ሰው። ግራጫ ነገር ለብሷል። አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቷል፤ እጁ ከግንዱ ጋር ስለተደራረበ አስቸገረኝ።

"አንተን ደግሞ ምን አስነሳህ?" አልኩት ለብቻዬ።

ሳር ቀዳሁ። ለጠፍኩበት። ጠፋ።

አጉልቼ ፊቱን አላየሁም። ምን ሊያደርግልኝ?

ከዚያ እንደ ልማዴ የጸዳውን በዋናው ላይ ደርቤ አስቀመጥኩ። የካሜራውንም ሚሞሪ ባዶ አደረግኩ። ቦታ እንዳይሞላብኝ ሁሌ የማደርገው ነው።

አባዬ ከእግር ጉዞው ሲመለስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። የኮቱ ጀርባ ርሷል። ፀጉሩ ውስጥ ሳር አለ።

እንደ ሕፃን ሳር ላይ ተንከባለልክ እንዴ ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልሳቀም። አልተኛሁም፣ አልተቀመጥኩም አለ። ኮቱን አውልቆ ጀርባውን ሲያይ ራሱም ግራ ገባው። ሳሩን አንድ በአንድ ለቀምኩለት። የት እንደዋለ አልጠየቅኩትም፤ ሁሌ በዋናው መንገድ ሄዶ በዋናው መንገድ ነው የሚመለሰው።

ረቡዕ ጠዋት ደረጃው ላይ ሬዲዮን አገኘናት።

ሬዲዮ የምንላት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችንን ነው። አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። አባዬን ካየች ስለ ጉልበቷ ሕመም ሳትተርክለት አታልፍም።

"ደህና አደርሽ የኔ ልጅ?" አለችኝ። "ዛሬ ብቻሽን ነሽ?"

አባዬ አጠገቤ ነበር። ባርኔጣውን አንስቶ ደህና አደሩ አላት። ዝም። በመሃላችን አለፈች። ትከሻው ትከሻዋን ሲነካት፣ የሸረሪት ድር የነካት ይመስል ልብሷን ጠረግ ጠረግ አድርጋ ወረደች።

ተጣልታችኋል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። እኔ እንጃ አለኝ። ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር።

ሐሙስ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የዳቦ ቤቱ በር ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈት ነው። ለእሱ አልከፈትም አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ ጠበቅኩ አለኝ፤ ሌላ ሰው ሲገባ ተከትሎ ገባ፤ ሻጯ ግን ከኋላው ያለውን ሰው ነው ምን ልስጥህ ያለችው። እየሳቀ ነበር የነገረኝ። ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

ከተቀመጠበት ወንበር ሲነሳ ጨርቁን ዳሰስኩት። ርጥብ ነው። አዲስ የተቆፈረ አፈር ይሸታል።

ምሳ ላይ ትን አለው። ሳለ፣ ሳለ... አፉን በመሐረቡ ጠርጎ ቶሎ ኪሱ ከተተው። ሲተኛ መሐረቡን አወጣሁት።

አንድ ሰበዝ ሳር ነበር። ከነሥሩ።

ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናቴ ስትታመም እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። የእናቴ በሽታ ስም ነበረው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኩት። ነገ ፎቶሽን እንስቀልና እንሄዳለን አለ።

ሁሌ አብሮኝ ነው የሚሰቅለው። ውሃ ልኬ ተሳስቶ ያውቃል፣ የአባዬ ዓይን ግን ተሳስቶ አያውቅም።

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ክሊኒኩ ደረስን። ሕመምተኛ ገና አልገባም። እንግዳ ተቀባይዋ በሩን ከፍታልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ግድግዳውን በሳሁ፣ ብሎኑን አሰርኩ፣ እሱ ከታች ደገፈልኝ፤ ሰቀልነው። አባዬ ቀጥ ማለቱን ለማየት ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

ቆየ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ቀረበና ከዛፉ ሥር ጣቱን አሳረፈ።

"እዚህ ጋ እራፊ አለ" አለ። በሹክሹክታ ነበር።

"የት?"

"ይቺ ቢጫ ቅጠል እዚህ አለች። እዚህም አለች። እዚህም። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነው... ማን ነበር?"

"አላውቅም አባዬ። አንድ ሰው።"

"ግራጫ ለብሶ?"

ወደ እሱ ዞርኩ።

"እጁን አንስቶ?"

"እንዴት አወቅክ?"

"ማክሰኞ መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሮ በመናፈሻው አለፍኩ" አለ። "ካሜራሽ ላይ ተደፍተሽ አየሁሽ። እጄን አነሳሁልሽ... ያየሽኝ መስሎኝ።"

እጁን ልይዘው ስል እንግዳ ተቀባይዋ ተመለሰች። ፎቶውን አይታ አደነቀች። ከዚያ ዞራ፣ ይህን የሚያክል ነገር ብቻሽን እንዴት ሰቀልሽው አለችኝ።

ከአባቴ ጋር ነው አልኩ።

ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። በትሕትና ፈገግ አለች።

"ታች መኪና ውስጥ ናቸው?"

አባዬ ከእሷ አንድ እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ።

እቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን አገላበጥኩት። ዋናው ፎቶ የለም። የጠፋ ይመልሳል የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ ሞከርኩ። ሚሞሪው ባዶ ነው። የገዛ አባቴን በገዛ እጄ... ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ ነው ያጽናናኝ። የተቆረጠ ጨርቅ ተቆረጠ ተብሎ አይለቀስለትም አለኝ። ሌላ ይቆረጣል።

"ነገ በዚያው ሰዓት እዚያው እቆማለሁ" አለኝ። "አንሽኝ። ከዚያ እራፊውን ፍቺና እኔን መልሰሽ ስፊኝ።"

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ክንዴን ይዞ ነበር። ክብደቱ የታጠፈ ኮት ያህል ነው። መናፈሻው ጸጥ ብሏል። ካሜራውን ማክሰኞ በተከልኩበት ተከልኩ። ጠል ያለበትን ሳር አቋርጦ ወደ ዛፉ ሄደ። ወደ ኋላ ዞሬ አብረን የመጣንበትን አየሁ። የእኔ ዱካ ጠሉ ላይ ታትሟል። የእሱ የለም።

አንድ ሰዓት ከሃያ።

በዓይኔ ሳየው አለ። ትንሽ፣ ግራጫ፣ ከዛፉ ሥር።

በካሜራው ሳየው ሳር ነው።

አነሳሁ። ሳር። ሌንስ ቀየርኩ፣ አነሳሁ። ሳር። አርባ ጊዜ አነሳሁ።

"አባዬ፣ እጅህን አንሳ።"

"አንስቻለሁ ሚጡ።"

ድምፁ ከዛፉ አልመጣም። እግሬ ሥር ነበር።

ቀና ስል ዛፉ ሥር ማንም የለም።

ካሜራውን እንደተተከለ ትቼ ሮጥኩ። ግንዱን ዞርኩት። ጠራሁት። ወደ መሬት ሳይ አንዲት ቢጫ ቅጠል አየሁ፤ ጠርዟ የተቀደደ። ከእሷ ስንዝር ርቆ ሌላ ቢጫ ቅጠል። ቅዳዱ አንድ። ከዚያ ስንዝር ርቆ ሌላ። አጠገባቸው ያለው የሳር ዘለላም አንድ ዓይነት፣ የታጠፈበት ጎን እንኳ አንድ።

ፎቶ አይደለም እኮ። መሬት ነው። የምረግጠው መሬት።

አንድ ጉንዳን የመጀመሪያዋ ቅጠል ላይ ወጣ። በሦስቱም ላይ ወጣ።

ተንበረከክሁ። አንዱን የሳር ዘለላ ጨብጬ ሳብኩ። ሦስቱም ዘለላዎች አብረው ቀና አሉ።

ከሥር አንድ ነገር መልሶ ሳበ።

ስለ ራሴ አላሰብኩም። እጄን ሳሩ ውስጥ ከተትኩ። አፈሩ አልተቃወመኝም፤ እጄ ኪስ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ታች ፈለግኩ፣ ፈለግኩ... እና እጅ አገኘሁ። ጨበጠኝ። በኃይል።

"አባዬ፣ ያዘኝ" አልኩ። "አልለቅህም።"

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ተርፏል አልኩ። አገኘሁት አልኩ።

አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል። ይህን ሁሉ በግራ እጄ፣ በስልኬ ነው የጻፍኩላችሁ። ስልክ ደውዬ ነበር፤ ያነሱት ሁሉ ሃሎ ሃሎ ብለው ዘጉት። ጽሑፉ ግን ይሄዳል መሰለኝ። ሰዎች እያለፉ ነው። እየጮህኩ ጠራኋቸው። አንድ ሯጭ እግሬን ረግጦኝ አለፈ፤ ወደ ኋላ እንኳ አላየም።

ቀኝ እጄ እስከ ክርኔ ገብቷል። እየሳብኩ ነው። እሱም እየሳበ ነው።

ሲደክመኝ ዝም ብዬ እጁን ስዳብሰው ቆየሁ። የአባዬ አውራ ጣት በመርፌ ብዛት የደደረ ነው፤ በጨለማም አውቀዋለሁ። ይሄ ግን ለስላሳ ነው። ጥፍሩ ረጅም ነው። የቀለበት ጣቱ ላይ ቀለበት አለ፤ ጠጠር ያለበት፣ የሴት ቀለበት።

ልለቅ አልኩ። ጣቶቼን ዘረጋሁ። እሷ አልለቀቀችም።

እኔም መልሼ ጨበጥኳት። ምን ላድርግ? አባዬ ሰው የማይጋፋ ሰው ነው። ምናልባት ከእሱ በፊት ካጠፋኋቸው ሰዎች ኋላ ቆሞ ተራውን እየጠበቀ ይሆናል።

አሁን ሁለተኛ እጅ ክርኔን ያዘ።

ትንሽ ነው... የሕፃን እጅ ነው።